ስለ ጎድጓዳና ስለ ጎባጣ መስተዋት

የእስጢፋኖስ ገዳም በዳሩ ያለው የሐይቅ ውሃ፥ ማለዳ ጸጥ ባለ ጊዜ የኮረብቶቹን መልክ ሳያጎድል ያሳያል። ነፋስ ሲነሣ ግን መልኩ ይቆራረጣል፤ ውሃው እየጎበጠና እየጎደጎደ ብርሃኑን ወደ ልዩ ልዩ ስፍራ ይመልሰዋልና። ብርሃን በመስተዋት ላይ አዘንብሎ በወደቀበት ልክ አዘንብሎ ይመለሳል። ሕጉ ይህ ብቻ ነው፤ የመስተዋቱ ቅርጽ ሲለወጥ ግን የምናየው መልክ ይለወጣል።

ልጆች ሆይ፥ የሚያብለጨልጭ ማንኪያ አንሡና በጎድጓዳው በኩል ተመልከቱ። ፊታችሁ ተገልብጦ ይታያል፤ ከግንባር የመጣው ብርሃን ወደ ታች፥ ከአገጭ የመጣውም ወደ ላይ ይሻገራልና። ጎድጓዳ መስተዋት ከትልቅ ኳስ የተቆረጠ ቁራጭ ይመስላል። ከኳሱ መካከል እስከ መስተዋቱ 1 ሜትር ቢሆን፥ የፀሐይ ብርሃን ተሰብስቦ የሚገናኘው ከመስተዋቱ 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ ነው። በዚያ ስፍራ የተያዘ ደረቅ ሣር ሊቃጠል ይችላል። ከዚያ ስፍራ አልፎ ወደ መስተዋቱ የቀረበ ፊት ግን ሳይገለበጥ ገዝፎ ይታያል፤ ጢሙን የሚላጭ ሰው ይህን ይወዳል።

አሁን ማንኪያውን ገልብጡት። ጀርባው ብርሃኑን ይበትናል እንጂ አይሰበስብም፤ ስለዚህ ፊታችሁ ሳይገለበጥ አንሶ ይታያል፥ በዙሪያችሁም ያለው ቤት ሁሉ አብሮ ይገባበታል። ከደሴ ተነሥተው በሐይቅና በአምባሰል ውጫሌ በኩል ወደ ወልድያ ከሚያልፉት መኪናዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ጎባጣ መስተዋት በጎናቸው አላቸው። ሾፌሩ ሰፊ መንገድ ያይበታል፤ ዳሩ ግን ሁሉ ነገር አንሶ ስለሚታይ የቀረበው የራቀ ይመስለዋል። ከመኪናው በስተ ኋላ ተጠግቶ የቆመውን ልጅማ ይህ መስተዋት ጨርሶ አያሳየውም።