ከባሕር ማዶ የመጣ የድምፅ መሣሪያና የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል

ጥበብ ሁሉ የሚጠቅመው አጠቃቀሙን ለሚያውቅ ሰው ነው። ከውጭ አገር የሚመጣ መሣሪያም ምንም ያህል ዋጋው የከበደ፣ ሥራውም የሚደነቅ ቢሆን፣ የሚሠራበትን አገር የኤሌክትሪክ ኃይል ጠባይ ሳይመረምሩ ቢያቆሙት ለባለቤቱ ጥቅም መሆኑ ቀርቶ ጉዳት ይሆንበታል። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ማለታቸው ለዚህም ነገር የተገባ ምክር ነው።

ይህ ጉዳይ በአዋሽ ሸለቆ የሚገኙትን ከተሞች በብርቱ ይመለከታቸዋል። አዋሽ ሰባት ኪሎ በምድር ባቡር ጣቢያነት የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የመኪና መንገድም በርሷ ዘንድ ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው ወደ ድሬዳዋ፣ ሁለተኛው በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ ሰመራም በዚሁ በወደቡ መንገድ ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የሚገባው ዕቃ አብዛኛው በነዚህ ከተሞች ደጃፍ ያልፋል። ከዓረብ አገርና ከአሜሪካን የሚመለሱ ወገኖችም ለቤታቸው፣ ወይም ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ስጦታ ይሆን ዘንድ፣ ቴፕ፣ ሸክላ ማጫወቻና ድምፅ ማጉያ ይዘው መምጣታቸው የተለመደ ነው።

የአዋሽ ወንዝ ወደ ቆላው ከመውረዱ አስቀድሞ፣ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በቆቃ ግድብ ተገትቶ የኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል። ከዚያም ሆነ ከሌሎቹ ግድቦች ተነሥቶ በኢትዮጵያ በየቤቱ የሚገባው ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ቮልት የሚባለው የኃይሉ ግፊት ልክ ነው፤ ሄርዝ ደግሞ ኃይሉ በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚያስታውቅ ቍጥር ነው። በአሜሪካን ግን ግፊቱ 120 ቮልት፣ ምልልሱ 60 ነው። በጃፓን 100 ቮልት ሲሆን፣ በምሥራቁ ወገን 50፣ በምዕራቡ ወገን 60 ይመላለሳል። ሳዑዲ ዓረቢያም ለብዙ ዘመን በየቤቱ በ127 ቮልትና በ60 ሄርዝ ስትሠራ ቆይታ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ግፊቱ ቀስ በቀስ ወደ 230 ቮልት እንዲለወጥ ወስናለች፤ ምልልሱ ግን እንደ ቀድሞው በ60 ቀርቷል።

ልዩነቱ የመጣው ከታሪክ ነው። ኤዲሶን በ1882 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የጀመረው ኃይል በ110 ቮልት ገደማ ስለ ነበረ፣ አሜሪካኖች በዚያው ጸኑ። በ1899 እ.ኤ.አ. ግን በርሊን በዚያው ሽቦ ብዙ ኃይል ለማድረስ ስትል ግፊቱን ወደ 220 ከፍ አደረገች፤ አብዛኛው አውሮጳም ተከተላት። ጃፓን በሁለት የተከፈለችው ቶኪዮ ማመንጫዋን ከጀርመን፣ ኦሳካ ከአሜሪካን ስለ ገዙ ነው።

እንግዲህ ለ120 ቮልት የተሠራ መሣሪያ በ220 ላይ ቢሰካ፣ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ግፊት ይወርድበታል፤ በውስጡ የሚወጣው ሙቀትም ከሦስት እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ዕድል ቢያጋጥም ፊውዙ ብቻ ይቃጠላል፤ ካልሆነም መሣሪያው ይጠፋል፤ ከዚያም ሲብስ እሳት ቤቱን ይይዛል። በሰመራ በሙቀቱ ወራት አየሩ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚግል፣ በደጋ አገር ጥቂት ስሕተት የሚታገሥ መሣሪያ በዚያ አይታገሥም።

መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። በመሣሪያው ጀርባ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል። «100-240» የሚል ከሆነ ግፊቱ ችግር የለበትም። 110 እና 220 የሚመርጡበት ማዞሪያ ካለው፣ ከመሰካቱ በፊት ወደ 220 ማዞር ነው። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን 220ውን ወደ 110 ወይም 120 ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ የትራንስፎርመሩም ዋት ከመሣሪያው ዋት በርከት ያለ ይሁን፤ ለምሳሌ ለ100 ዋት መሣሪያ የ150 ዋት። ስታቢላይዘር የሚባለው ግን ሥራው የሚዋዥቀውን ኃይል ማርጋት ስለሆነ፣ ዝቅ የማድረግም ሥራ እንዳለው ካልተጻፈበት በቀር በትራንስፎርመር ፈንታ አይቆምም።

ከዚህ የሚረቅ ሌላ ነገር አለ። ትራንስፎርመር ግፊቱን ይለውጣል እንጂ ምልልሱን አይለውጥም። ዲጂታል ማጫወቻዎችና ብዙዎቹ የካሴት ቴፖች በዚህ አይነኩም። የቀድሞ ሸክላ ማጫወቻዎችና ባለ ትልቅ ጥቅል ቴፖች ግን ብዙዎቹ የሞተራቸው ፍጥነት በምልልሱ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ለ60 ሄርዝ የተሠራው በ50 ላይ ሲሠራ ከስድስት እጅ አንዱን ፍጥነት ያጣል፤ የ60 ደቂቃው ቴፕ 72 ደቂቃ ይፈጃል፤ ድምፁም ይወፍራል፤ ይጐተታልም። ይህን የሚያቀናው ለ50 ሄርዝ የተሠራ የሞተር መዘውር መለወጥ ነው።

የተቃጠለ መሣሪያ ጥፋቱን በጢሱ ያስታውቃል፤ የዘገየ መሣሪያ ግን ሳያስታውቅ ይዋሻል። ዜማ ከመምህር አፍ በጆሮ የሚወረስ ነው፤ ደቀ መዝሙር የሞተ መሪጌታን ድምፅ በዘገየ ቴፕ ቢያጠና፣ የመምህሩን ሳይሆን የመሣሪያውን ዜማ ይማራል። የአፋር ሕዝብም ዳጉ በሚባለው ሥርዓቱ፣ መንገደኛ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሚያገኘው ሰው እንዲያስተላልፍ ያስገድዳል። የሽማግሌ ቃል የተቀዳበት ቴፕ በተሳሳተ ፍጥነት ቢገለበጥ፣ ስሕተቱ ወደ አዲሱ ቅጂ ተሸጋግሮ ለልጅ ልጅ ይደርሳል፤ ይህም በዳጉ ሕግ ቢመዘን የወሬ አደራን ማጕደል ይሆናል።

ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት ዕቃ የሚገዙ ሹማምንት በግዢው ወረቀት ላይ ቮልቱንና ሄርዙን ለይተው ሊያጽፉ ይገባል። ስጦታ የሚቀበሉ የአብያተ ክርስቲያናት አስተዳዳሪዎችም ዕቃው ከመሰካቱ አስቀድሞ ለባለሙያ ያሳዩት። የጥንት ድምፅ የሚያስገለብጡ ሁሉ የማጫወቻውን ፍጥነት በሰዓት ይመርምሩ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለው፣ አንዲት መስመር ጽሑፍ ለማንበብ የሚጠፋው ጊዜ፣ ቤትንም የአባቶችንም ድምፅ ያድናል።