የረግረጉ ሐምራዊ ባክቴሪያ

በብርሃን ኃይል ምግብን የማዘጋጀት ሥራ፣ ማለትም ብርሃን አስተጻምሮ፣ የአረንጓዴ ዕፅዋት ብቻ ሳይሆን የአንዳንድ ባክቴሪያዎችም ሙያ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሮዶሱዶሞናስ ፓሉስትሪስ የተባለው ሐምራዊ ባክቴሪያ ሲሆን፣ የስሙ ሁለተኛ ክፍል በላቲን «የረግረግ» ማለት ነው፤ ውሃ የተኛበት የሩዝ ማሳና የኩሬ ደለል ዋና መኖሪያዎቹ ናቸውና ስሙ ልኩ ነው። የማሳ ጭቃ ከውሃና ከጥቂት ገለባ ጋር በጠርሙስ ታሽጎ ብርሃን በሚያገኝ ቦታ ቢቀመጥ፣ ከሳምንታት በኋላ በመስታወቱ ጎን እየሰፋ የሚሄደው እንደ ቀይ ሥር ውሃ ያለ ቀለም የእርሱና የዘመዶቹ ነው።

ዕፅዋት ውሃን ሰንጥቀው ኦክስጅን ሲለቁ፣ ይህ ባክቴሪያ ውሃን ስለማይሰነጥቅ ኦክስጅን አይለቅም፤ በምትኩ ገለባና ሥር ሲበሰብሱ የሚወጡትን አሲዶች ይመገባል። የሚስበውም ብርሃን በአመዛኙ ቅጠል የማይጠቀምበት፣ ለዓይን የማይታየው ከቀይ ወዲያ ያለ ጨረር ስለሆነ፣ በሩዙ ጥላ ሥር ሳይሻማ ይኖራል።

ለማሳው የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ናይትሮጅን ነው። ከአየሩ 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ቢሆንም ተክል በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ባክቴሪያው ግን ናይትሮጅኔዝ በተባለ ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን በሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል። ይህ ኢንዛይም ኦክስጅን ሲነካው ስለሚበላሽ፣ ኦክስጅን የማይለቅ አካል ለሥራው የተመቸ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የዘረመሉ ጥናት ሦስት ዓይነት ናይትሮጅኔዝ መሥራት እንደሚችል አሳይቷል፤ አንዱ ሞሊብዲነም፣ ሌላው ቫናዲየም፣ ሦስተኛው ብረት ብቻ የሚፈልግ በመሆኑ፣ አንዱ ማዕድን ቢጎድል በሌላው ይተካል። ይሁን እንጂ የያዘውን ናይትሮጅን አብዛኛውን ለራሱ አካል ግንባታ ስለሚያውለው፣ ሩዙ ድርሻውን የሚያገኘው በዋናነት ባክቴሪያው ሞቶ ሲበሰብስ ነው።

ጭቃው አየር ሲያጣ ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች የገማ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያመነጫሉ፤ ይህም ጋዝ የሩዝን ሥር አጥቁሮ ምግብ እንዳይስብ ያደርገዋል። የሮዶሱዶሞናስ ወገን ሰልፋይድን አይጠቀምም ተብሎ ስለታመነ «ሰልፈር አልባ» ተብሎ ነበር፤ ቆይቶ ግን መጠኑ አነስተኛ ሲሆን እንደሚጠቀምበት ታወቀ፤ የተሳሳተው ስም ግን እስከ ዛሬ አልተነሣም።

ከሐምራዊ ባክቴሪያዎች የሚገኘው ሌላው ነገር 5-አሚኖሌቩሊኒክ አሲድ ነው። ተክል ክሎሮፊልን፣ ማለትም አረንጓዴ ቀለሙን፣ የሚሠራው ከዚህ ውህድ ተነሥቶ ሲሆን፣ ሐምራዊ ባክቴሪያዎችም ያመነጩታል፤ በጃፓን ከእነዚሁ አንዱ በሆነው በሮዶባክተር ስፌሮይደስ ልዩ ዝርያዎች አማካይነት በፋብሪካ ይመረታል። ጥቂቱ ዕድገትን ሲያግዝ፣ ብዛቱ በብርሃን ተክሉን ስለሚገድል ለፀረ አረምነትም ተጠንቷል።

ባክቴሪያውን በጠርሙስ ገዝቶ በደረቅ መሬት ላይ የሚረጭ ገበሬ ከሩዝ ማሳው ጋር እኩል ውጤት መጠበቅ የለበትም። አየር በሚዘዋወርበት አፈር ባክቴሪያው የብርሃን ሥራውን ትቶ እንደ ማንኛውም ተንፋሽ ነፍስ በኦክስጅን ይኖራል፤ ናይትሮጅኔዙም ሥራ ያቆማል።