አይፈለጌ መልእክትን በአነስተኛ ድርጅት የኢሜይል ሰርቨር ላይ በቁጠባ ማጣራት፦ የፍተሻ ቅደም ተከተል ጉዳይ

የአነስተኛ ድርጅት የኢሜይል ሰርቨር ብዙውን ጊዜ ውስን አቅም ባለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ማጣሪያው ሲከብድ መልእክት ይዘገያል፤ ሲላላ የሠራተኛው ሳጥን ይጥለቀለቃል፤ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ደግሞ የደንበኛ የግዥ ትእዛዝ ማንም ሳያውቅ ሊጠፋ ይችላል። ከሦስቱ የከፋው የመጨረሻው ነው። ስለዚህ የማጣሪያ ብቃት በፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ለስህተት በሚተወው የማረሚያ ዕድልም ይለካል።

መሠረታዊው መርህ አነስተኛ ወጪ ያለውን ፍተሻ ማስቀደም ነው። በኤስኤምቲፒ ፕሮቶኮል፣ የመልእክቱ አካል ከመተላለፉ በፊት የላኪው ሰርቨር አይፒ እንዲሁም የላኪና የተቀባይ አድራሻዎች ይታወቃሉ። በዚህ ደረጃ ለሌለ ተቀባይ የተላከን ወይም ከተከለከለ አይፒ የመጣን መልእክት በ550 ኮድ መመለስ እጅግ ጥቂት ሀብት ይፈጃል። በስህተት የታገደ ትክክለኛ ላኪም ከራሱ ሰርቨር ማሳወቂያ ይደርሰዋል። መልእክቱን ከተቀበሉ በኋላ መመለስ ግን፣ የላኪ አድራሻ በቀላሉ ስለሚጭበረበር፣ ጉዳዩ የማይመለከታቸውን ሰዎች ያውካል።

የታገዱ አይፒዎች መዝገብ የሚጠየቀው በዲኤንኤስ ነው። ስፓምሃውስ በሕዝባዊ የዲኤንኤስ ሪዞልቨር በኩል ለሚመጣ ጥያቄ 127.255.255.254 የሚል የስህተት ኮድ ይመልሳል። ማናቸውንም ምላሽ እንደ እገዳ የሚቆጥር ሰርቨር በዚህ ሳቢያ ደብዳቤን ሁሉ ሊያግድ ይችላል። መፍትሔው የራስን ሪዞልቨር መትከልና በሰነዱ የተዘረዘሩትን የእገዳ ኮዶች ብቻ መቀበል ነው።

ወደ ይዘት ምርመራ የሚያልፉት ይህን የተሻገሩት ብቻ ናቸው። በፐርል የተጻፈው ስፓምአሳሲን ለእያንዳንዱ መልእክት እንደ አዲስ ከተነሣ ደንቦቹን በየጊዜው መጫን ይኖርበታል፤ በስፓምዲ አማካይነት ዘወትር ዝግጁ ሲሆን ይህ ወጪ ይቀራል። በሚልተር ከተገናኘ ደግሞ ውሳኔው የኤስኤምቲፒ ግንኙነቱ ሳይዘጋ ይሰጣል። በነባሪው ቅንብር 5 ነጥብ የደረሰን መልእክት ወደ ተለየ አቃፊ መላክ፣ ነጥቡ እጅግ የናረውን ብቻ መመለስ ይመረጣል።

የስፓምአሳሲን የቤየስ ክፍል በነባሪነት ሥራ የሚጀምረው ከ200 አይፈለጌና ከ200 ተፈላጊ መልእክቶች ከተማረ በኋላ ነው። በአማርኛ «ሥራ» እና «ስራ» እንደ ሁለት ቃላት ስለሚቆጠሩ የስታቲስቲክስ ማስረጃው ይከፋፈላል። ስለሆነም ሞክሼ ፊደላትን አስቀድሞ ወደ አንድ ማምጣትና ማጣሪያውን በድርጅቱ በራሱ ደብዳቤዎች ማስተማር ይገባል።