ያውቁ ኖሯል? ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለሱን ከመጣሉ በፊት

ከወገዳ እስከ ነፋስ መውጫ ባለው ደጋ የሚኖር አንድ ጤነኛ አዋቂ፣ እንደ ማንኛውም ሰው፣ መቅኔው በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ያህል ቀይ የደም ሕዋሳት ያመርታል። እያንዳንዱ ሕዋስ ሥራውን ሳይጀምር ኒውክለሱን አውጥቶ ይጥላል።

ከዚያ በፊት ግን ኒውክለሱ ውስጥ ብዙ መልእክት ይተላለፋል። ፎስፎሊፔዝ ሲ ቤታ 1 የተባለው ኢንዛይም አንድ የስብ ሞለኪውል ቆርጦ ሁለት መልእክት አድራሾች ያወጣል። ይህ ሥራ በሕዋሱ ውጫዊ ሽፋን ላይ ብቻ የሚካሄድ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ሉቾ ኮኮና ባልደረቦቹ በደም ካንሰር ከተያዘች አይጥ በተገኙ ሕዋሳት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ እንዲህ ያሉ ስቦች ኒውክለሱ ውስጥም እንደሚሠሩና ሕዋሱ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ ሲለወጥ ሂደቱም እንደሚቀየር አሳዩ። ቆየት ብሎ ደግሞ ኢንዛይሙ በዚህ ለውጥ ጊዜ እንደሚቀንስ፣ በኒውክለሱ ውስጥ በግድ ሲበዛ ግን ለውጡ እንደሚገታ ታወቀ። በጡንቻ ሕዋሳት ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ሲበስሉ ኢንዛይሙ ይጨምራል። አንዱ ኢንዛይም በሁለት ሕዋሳት እንዲህ መለያየቱ በእውነት ያስደንቃል!

የደጋው ደም ራሱ ሌላ ድንቅ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የሲንቲያ ቢል ቡድን ጥናት እንዳሳየው፣ በሰሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች የሂሞግሎቢን መጠን ከቆላ ነዋሪ ጋር ይቀራረባል፤ በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ግን ከፍ ይላል።