የጂኦሎጂ ትምህርት በዩኒቨርሲቲና የሚያመራባቸው ሙያዎች፦ በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ምሳሌነት

መግቢያ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ መስካቸውን በሚመርጡበት ጊዜ ሕክምናና ምሕንድስና በቅድሚያ ሲጠቀሱ፣ ጂኦሎጂ ብዙውን ጊዜ ከዝርዝሩ ግርጌ ይውላል። ምክንያቱ መስኩ ጥቅም የሌለው መሆኑ ሳይሆን ተማሪውም ሆነ መካሪው ስለ ሙያው ያላቸው ዕውቀት አነስተኛ መሆኑ ነው።

ለዚህ ጉድለት የሥርዓተ ትምህርቱ አወቃቀርም የበኩሉን ድርሻ ያበረክታል። ስለ ዐለትና ስለ መሬት አፈጣጠር የሚያስተምረው ጂኦግራፊ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የሚሰጠው በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ነው። ለጂኦሎጂ የሚመደበው ግን የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ወጣት ከትምህርቱ ጋር ከተለያየ ሁለት ዓመት አልፎታል ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመስኩን ምንነት፣ የሥልጠናውን ይዘትና የሚከፍታቸውን የሥራ በሮች ከአንድ አካባቢ ጋር አገናዝቦ ማስረዳት ነው።

ጂኦሎጂ ምን ያጠናል?

ጂኦሎጂ ወይም ሥነ ምድር፣ መሬት የተሠራችባቸውን ዐለቶችና ማዕድናት፣ የተነባበሩበትን ቅደም ተከተል፣ የለወጧቸውን ኃይሎችና የፈጀባቸውን ዘመን የሚመረምር ሳይንስ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በአይከልና በገንዳ ውኃ በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርድ መንገደኛ የዚህን ትምህርት ዋና ዋና ምዕራፎች በመንገዱ ላይ ያገኛቸዋል። የደጋው አምባ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተደጋጋሚ ፈስሶ በተነባበረ ባዛልት የተሠራ ነው። በጭልጋ ደግሞ ጥንታዊ ወንዞችና ረግረጎች ያስቀመጡት ደለል፣ የድንጋይ ከሰልና የዕፅዋት ቅሪት ይገኛል። ከዚሁ ደለል የተገኙ፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያስቆጠሩ የዝሆን ዘመዶችና የሌሎች አጥቢ እንስሳት ቅሪተ አካላት በ2003 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው ሳይንሳዊ መጽሔት ለዓለም ተገልጸዋል። ከዚያ ወርዶ ቆላው ሲደረስ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚበቅልበት ጥቁር ዋልካ ሜዳውን ሸፍኖት ይታያል።

የሽንፋ ወንዝ ምርምር

የጂኦሎጂ ባለሙያ አሠራር እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት በመተማ አካባቢ በሽንፋ ወንዝ ዳር ከተካሄደው ጥናት የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ውጤቱ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. በዚያው መጽሔት ታትሟል።

ተመራማሪዎቹ በወንዙ ዳር የጥንት ሰዎች የኖሩበትን ሥፍራ ሲቆፍሩ የድንጋይ መሣሪያዎችን፣ የእንስሳትና የዓሣ አጥንቶችን እንዲሁም የሰጎን እንቁላል ቅርፊቶችን አገኙ። ከአፈሩ መካከልም በዓይን የማይታዩ የእሳተ ገሞራ መስታወት ቅንጣቶችን ለዩ። የቅንጣቶቹ ኬሚካዊ ይዘት ሲመረመር ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በኢንዶኔዥያ፣ በሱማትራ ደሴት ከፈነዳው ከቶባ እሳተ ገሞራ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በአየር ተጉዞ የመጣው አመድ እንግዲህ ለንብርብሩ የዘመን ማኅተም ሆነለት።

በእንቁላል ቅርፊቶቹ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ዓይነት መጠን ደግሞ የአየሩን ሁኔታ ገለጠ። ውኃ ሲተን ቀላሉ ኦክስጅን ቀድሞ ስለሚሄድ፣ ክብደት ያለው ኦክስጅን መብዛት የድርቀት ምልክት ነው። ከፍንዳታው በኋላ አካባቢው ይበልጥ ደርቆ እንደነበር በዚህ ታወቀ። በዚያው ወቅት የዓሣ አጥንት መጠን ከፍ ብሎ በመገኘቱ፣ ሰዎቹ ወንዙ ሲቆራረጥ በሚቀሩት ኩሬዎች ዓሣ እያጠመዱ ችግሩን ማለፋቸው ተገምቷል። የሽንፋ ወንዝ ዛሬም በበጋ ተቆራርጦ ኩሬ ስለሚሆን፣ የአካባቢው ተማሪ ይህን ማስረጃ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

የዩኒቨርሲቲው ሥልጠና

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ሥነ ምድር ትምህርት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ፖል ሞር በዚያ ሲያስተምሩ የጻፉት የኢትዮጵያ ጂኦሎጂ መጽሐፍ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የወጣ ሲሆን፣ በካዝሚን የተዘጋጀው የሀገሪቱ ጂኦሎጂካዊ ካርታ በ1973 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ዛሬ ትምህርቱ በመቀሌ፣ በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል።

ተማሪው ከሒሳብ፣ ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ መሠረት ተነሥቶ ስለ ማዕድናትና ዐለቶች፣ ስለ ንብርብር አደራደር፣ ስለ መሬት ስንጥቅና እጥፋት፣ ስለ ከርሰ ምድር ውኃ፣ ስለ ጂኦፊዚክስና ከሳተላይት ምስል ስለሚገኝ መረጃ ይማራል። የትምህርቱ እምብርት ግን የመስክ ልምምድ ነው። በኮምፓስና በመዶሻ ተራራውን ዞሮ ካርታ ያልሠራ ተማሪ ጂኦሎጂ ተምሯል ለማለት አይቻልም።

የሥራ መስኮች

አንደኛ፣ የከርሰ ምድር ውኃ ጥናት ነው። በባዛልት ምድር ውኃ የሚገኘው በስንጥቆችና በላቫ ንብርብሮች መካከል በመሆኑ፣ ጉድጓዱ ያለ ጥናት ከተቆፈረ ደረቅ ሊወጣና የወረዳው በጀት ሊባክን ይችላል። ባለሙያው የመሬቱን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ለክቶ የተሻለውን ቦታ ይጠቁማል።

ሁለተኛ፣ የግንባታ ጂኦሎጂ ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በላዩ የቆመ የትምህርት ቤት ግድግዳ የሚተረተረውና መንገድ የሚናጋው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የመሠረቱን ጥልቀት መወሰን፣ ለመንገድ የሚሆን ገረጋንቲና ድንጋይ መምረጥ፣ እንደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ላሉ ሥራዎች የመሠረት ዐለትን መመርመር የዚህ ክፍል ተግባር ነው።

ሦስተኛ፣ የማዕድን ፍለጋ ሲሆን ከወርቅ አንሥቶ ለሲሚንቶ የሚውለውን የኖራ ድንጋይ ያጠቃልላል። አራተኛ፣ የአደጋ ጥናት ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ የደረሰው የመሬት መንሸራተትና በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ የባለሙያውን አስፈላጊነት አሳይተዋል። አምስተኛ፣ ማስተማርና ምርምር ነው። በአፋር በመካከለኛው አዋሽ በተካሄደው የሰው ዘር አመጣጥ ጥናት የንብርብሮቹን ጂኦሎጂ ከመረመሩት መካከል ኢትዮጵያዊው ዶክተር ጊዳይ ወልደ ገብርኤል ይገኙበታል።

ይሁን እንጂ ለተማሪው የሙያው ክብደትም ሳይሸሸግ ሊነገረው ይገባል። ሥራው ከቤተሰብ የሚያርቅ፣ በቆላ ሐሩርና በወባ መካከል በድንኳን የሚያሳድር ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለው ክፍት ቦታም ከተመራቂው ቁጥር ጋር ሁልጊዜ አይመጣጠንም። ስለሆነም በኮምፒዩተር ካርታ መሥራትንና የቁፋሮ ሥራን ጨምሮ የተማረ ሰው የተሻለ ዕድል ይኖረዋል።

ለመምህራንና ለዕቅድ አዘጋጆች

መምህሩ ያለ ተጨማሪ በጀት ሊያከናውናቸው የሚችላቸው ተግባራት አሉ። ተማሪዎች የአካባቢውን ድንጋዮች ሰብስበው ቦታውን እየጻፉ እንዲለዩ፣ የጉድጓድ ውኃን ጥልቀት በየወሩ ለክተው በሠንጠረዥ እንዲያሠፍሩ፣ የዋልካ ስንጥቅን ስፋት ከበጋ እስከ ክረምት እንዲከታተሉ ማድረግ ይቻላል። የጂኦግራፊ፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ መምህራን ይህን በጋራ ቢያቅዱት በዘርፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ይጠብባል። ቅሪተ አካል ወይም ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያ የሚመስል ነገር ሲገኝ ግን ከተቀመጠበት ሳይነሣ ለባህል ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ይገባል። ከንብርብሩ የተለየ ቅርስ የዘመን ምስክርነቱን ያጣልና።

ከዕቅድ አዘጋጆች የሚጠበቀው ደግሞ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች አጭር የሥነ ምድር ክፍል የሚገባበትን መንገድ ማጥናት፣ የሴት ተማሪዎች የመስክ ማረፊያ እንዲሟላ ማድረግና የወረዳ ውኃና መንገድ ጽሕፈት ቤቶች የሚያስፈልጓቸውን ባለሙያዎች ቁጥር ከዩኒቨርሲቲ ቅበላ ጋር ማገናዘብ ነው።

ማጠቃለያ

ጂኦሎጂ ውኃን፣ መንገድን፣ ማዕድንንና የሰውን ልጅ ታሪክ በአንድነት የሚያገናኝ ትምህርት ነው። የመተማና የቋራ ልጅ የሚረግጠው መሬት ተመራማሪዎችን ከሩቅ ሀገር የሚጠራ እስከሆነ ድረስ፣ ራሱም ያንን መሬት በሙያ የሚመረምርበት ዕድል በትምህርት ቤቱ ውስጥ ሊነገረውና ሊመቻችለት ይገባል።