በአሜሪካ ፍርድ ቤት የሰነድ ጥያቄ ሲያከራክር

ከአሜሪካን አገር ደንበኞች ጋር ቡና ወይም ቆዳ የሚገበያይ ነጋዴ፣ ክርክር ቢነሣ በዚያው አገር ፍርድ ቤት እንዲታይ በውሉ ተስማምቶ እንደ ሆነ፣ በሙግቱ መጀመሪያ የሚያስደንቀው ነገር የባለጋራው ጠበቃ የሚልክለት የሰነድ ጥያቄ ነው። በኢትዮጵያ፣ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት፣ ተከራካሪው ለራሱ የሚጠቅመውን ማስረጃ ከክሱ ወይም ከመልሱ ጋር አያይዞ ያቀርባል፤ በሌላ እጅ ያለ ሰነድ ሲያስፈልገውም ለፍርድ ቤቱ ያመለክታል። በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ግን፣ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሚሠራበት የሥነ ሥርዓት ደንብ፣ አንዱ ወገን ሌላውን በቀጥታ፣ ባለቤቱን የሚጎዳውን ወረቀት ጭምር እንዲያሳየው ሊጠይቀው ይችላል።

ጥያቄው የደረሰው ወገን በደንቡ 34ኛ ቁጥር መሠረት በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይመልሳል። መቃወም መብቱ ነው፤ ሆኖም «ጥያቄው እጅግ ሰፊ ነው» ብሎ በደፈናው ማለፍ አይበቃውም። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2015 በተሻሻለ ጊዜ፣ ተቃዋሚው ምክንያቱን ለይቶ እንዲያስረዳና በተቃውሞው ምክንያት ያስቀረው ሰነድ መኖር አለመኖሩን እንዲገልጽ ታዝዟል። ጥያቄውም ከጉዳዩ ክብደትና ከሚያከራክረው ገንዘብ ጋር የተመጣጠነ መሆን ይገባዋል፤ ስለ አንድ ጭነት ጉድለት በተነሣ ክርክር የ10 ዓመት ደብዳቤ ሁሉ ይቅረብ ቢባል ዳኛው ሊቀንሰው ይችላል።

ነጋዴውን ይበልጥ የሚያሳስበው የምስጢር ጉዳይ ነው። የሕግ ምክር ለማግኘት ከጠበቃ ጋር በምስጢር የተደረገ መጻጻፍ ይጠበቃል፤ ነገር ግን ያስቀረው ሰው የሰነዱን ዓይነት መግለጽ አለበት። በተግባርም ጸሐፊው፣ ተቀባዩ፣ ቀኑና ጉዳዩ በዝርዝር ይጻፋል። የዋጋ ስሌትና የደንበኞች ስም ግን በዚህ አይሸፈንም። ለእነዚህ፣ ከጠበቆቹ በቀር ሌላ ሰው እንዳያያቸው ትእዛዝ እንዲሰጥ ዳኛውን መጠየቅ ይቻላል።

ወገኖቹ ካልተስማሙ ወዲያው ወደ ዳኛ መሮጥ አይፈቀድም። አስቀድመው በቅን ልቡና መነጋገር፣ አቤት ባዩም ይህንኑ መሞከሩን በአቤቱታው ላይ ማረጋገጥ አለበት። ያለ በቂ ምክንያት የተከራከረው ወገን አብዛኛውን ጊዜ የሌላውን የጠበቃ ወጪ ይከፍላል። ትእዛዝ ተሰጥቶት እምቢ ያለ ደግሞ የባለጋራው ቃል እንደ ተረጋገጠ ሊቆጠርበት፣ ከዚያም አልፎ ሊፈረድበት ይችላል።

ኳልኮም የተባለው ኩባንያ ብሮድኮምን በፈጠራ መብት ከሶ፣ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2007 በሳን ዲዬጎ ከተሰማ በኋላ፣ ሳያሳያቸው የቀሩ ከ46,000 የሚበልጡ ሰነዶች ተገኙ፤ አብዛኞቹም ኢሜይሎች ነበሩ። በ2008 ከ8.5 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ የባለጋራውን ወጪ እንዲከፍል ታዘዘ። በከሳሽነት የገባ ነበር!

የጠፋ ሰነድም ከተደበቀው አይሻልም። ክርክር መምጣቱ ከታወቀበት ሰዓት ጀምሮ መዝገብ ቤቱ አሮጌ ፋይል ማስወገዱን ማቆም፣ ኮምፒውተሩም ኢሜይል በራሱ እንዳይሰርዝ መደረግ ይኖርበታል። ሆን ተብሎ ባለጋራን ለመጉዳት የተሰረዘ ከሆነ፣ የጠፋው መልእክት ሰራዡን የሚጎዳ እንደ ነበረ ይቆጠር ዘንድ ለፍርድ ሸንጎው ሊነገር ይችላል። በሥራ አስኪያጁ ስልክ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም የተደረገ የዋጋ ድርድርም ማኅተም ካረፈበት ደብዳቤ ጋር አብሮ ይጠየቃል።