ዩሮስታር ሁሉ ለንደን አይሄድም

በቅርቡ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ለእህቷ ሰርግ ዩሮስታር በሚባለው ባቡር ወደ ለንደን ልትጓዝ ስትል ፓሪስ «ጋር ዱ ኖር» ጣቢያ ላይ እንድትመለስ ተደረገች። የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ነበራት፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርቷም ጊዜው አላለፈበትም፤ ቲኬቱም ተከፍሎበታል። የእንግሊዝ ቪዛ ግን አልነበራትም። «ዩሮስታር ላይ ፓስፖርት አያዩም ብለውኝ ነው» አለች። ነገሩን የሰማው ፍራንክፈርት ውስጥ የቲኬት ቢሮ ሠራተኛ የሆነ ሐበሻ ነው፤ ይህ ጽሑፍም የተጻፈው በዚያው ምሽት፣ ንዴቱ ሳይበርድ ነው። እሱ ደንበኞቹን ከዋጋም ከሰዓትም በፊት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በእጅዎ ያለው ወረቀት ምንድን ነው?

1. ወረቀት። ዩሮስታር ላይ ፓስፖርት አይታይም የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ኮሎኝን፣ ብራስልስንና ፓሪስን የሚያገናኘው ቀይ ባቡር ታሊስ ይባል ነበር። ድርጅቱ ከዩሮስታር ጋር ተዋህዶ በ2023 እ.ኤ.አ. ታሊስ የሚለው ስም ቀረ፤ ሁሉም ዩሮስታር ተባለ። ከኮሎኝ ፓሪስ የሚሄደው ሸንገን ከሚባለው፣ ቋሚ የድንበር ፍተሻ ከሌለበት የአውሮፓ ክልል ስለማይወጣ መንገደኛው ቲኬቱን ይዞ በቀጥታ ይሳፈራል። ለንደን የሚሄደው ግን በባሕር ሥር ዋሻ አልፎ ሌላ አገር ይገባል። የእንግሊዝ የድንበር ሠራተኞች ፓሪስና ብራስልስ ጣቢያ ውስጥ ሆነው ከመሳፈር በፊት ይፈትሻሉ፤ ስለዚህ እንደ አውሮፕላን ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። በቀዩ ባቡር አንዴ ፓሪስ ደርሶ የተመለሰ ሰው ቲክቶክ ላይ ወጥቶ «ዩሮስታር ነፃ ነው» ሲል፣ የሚሰማው ሰው የትኛውን ባቡር ማለቱ እንደሆነ በምን ያውቃል?

የጀርመን፣ የጣሊያን ወይም የስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ለእንግሊዝ ቪዛ ምትክ አይሆንም። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዘም ቪዛ ያስፈልገዋል። በስልክ የሚወጣው ኢቲኤ የሚባለው ፈቃድ ያለ ቪዛ እንዲገቡ ለተፈቀደላቸው አገሮች ዜጎች ነው፤ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት አይሠራም። በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ የጀርመን ፓስፖርት ያላቸው ልጆች በኢቲኤ ሲሄዱ እናትየዋ ቪዛ ማውጣት አለባት። ለእንዲህ ያሉ መንገደኞች በድፍረት የተሳሳተ ምክር የሚሰጥ ሁሉ የሰው ገንዘብና የሰው ሰርግ እያበላሸ መሆኑን ይወቅ።

ሸንገን ውስጥም ቢሆን «ድንበር የለም» ማለት «ወረቀት አያስፈልግም» ማለት አይደለም። ፈቃዱም ፓስፖርቱም አብረው ይያዛሉ፤ ልጅም የራሱ አለው። ጀርመን ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ቁጥጥር አስጀምራለች። ፖሊስ ከፓሪስ በሚመጣው ባቡር ላይ ይወጣል፤ አውቶቡስ ያስቆማል።

ከሁሉ የከፋው የአንዳንድ የጀርመን ከተሞች የውጭ ዜጎች ቢሮ ሥራ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱ የሚያልቅበት ሰው ቀጠሮ ለማግኘት ወራት ይጠብቃል፤ በመሀል የሚሰጠው ጊዜያዊ ወረቀት ላይ የትኛው ሣጥን ምልክት እንደተደረገበት የሚነግረው የለም። ነባሩ ፈቃድ እንደጸና ይቆያል የሚለው ሣጥን ከተመረጠ ከአሮጌው ካርድና ከፓስፖርቱ ጋር ወደ ጀርመን ለመመለስ ያገለግላል፤ ሌላው ከተመረጠ ወጥቶ መቅረት አለ። ይህን በሁለት ዐረፍተ ነገር ማስረዳት የቢሮው ሥራ ነበር። መንገደኛው ግን የሚማረው ድንበር ላይ ነው፤ ጥፋተኛ ተብሎ የሚወቀሰውም ቲኬት የሸጠው ሰው ነው።

2. መጓጓዣ። ወረቀቱ ከተሟላ በኋላ የአውሮፕላን ማረፊያው ስም በደንብ ይታይ። ፓሪስ ቦቬ የሚባለው ከፓሪስ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ፍራንክፈርት ሃን ከፍራንክፈርት 120 ገደማ። ርካሹ ቲኬት የአውቶቡሱን ክፍያና ሰዓት ሲጨምሩበት ርካሽ መሆኑ ይቀራል። ከፍራንክፈርት መሀል ከተማ ፓሪስ መሀል ከተማ ባቡሩ ከ4 ሰዓት በታች ነው። ይህ ብዙ ክርክር አያስፈልገውም። ሮም ወይም ስቶክሆልም ከሆነ ግን አውሮፕላን ነው።

መኪናስ? አራት ሰው ከሆኑና ሻንጣ ከበዛ ያዋጣል፤ ነገር ግን ፈረንሳይ በብዙ ፈጣን መንገዶቿ ላይ ታስከፍላለች፣ ስዊዘርላንድ የ40 ፍራንክ ዓመታዊ የመንገድ ፈቃድ ትጠይቃለች። የኪራይ መኪና ከሆነ ውሉ የትኞቹን አገሮች እንደሚፈቅድ አስቀድሞ ማንበብ ግድ ነው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ጀርመን ውስጥ ኑሮ ከጀመሩ በኋላ የሚሠራው ለ6 ወር ብቻ ነው፤ ዓለም አቀፍ የሚባለው ደብተር ይህን አያራዝምም። አንድ ከባድ ማሳሰቢያ ደግሞ አለ፦ ወረቀት የሌለውን ወዳጅ «እግረ መንገዴን ላድርሰው» ብሎ ድንበር የሚያሻግር ሾፌር በሰው አሻጋሪነት ሊጠየቅ ይችላል። በጎ ልብ መሆኑ ምርመራውን አያስቀርለትም።

ስለ መዘግየትም ሕዝቡ መብቱን አያውቅም፤ ኩባንያዎችም ጮክ ብለው አይናገሩም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ እስከ 1500 ኪሎ ሜትር በሚደርስ በረራ ከ3 ሰዓት ያላነሰ ዘግይቶ የደረሰ መንገደኛ፣ ምክንያቱ ከአየር መንገዱ አቅም በላይ ካልሆነ፣ 250 ዩሮ ይገባዋል፤ ቲኬቱ 30 ዩሮ ቢሆንም። የባቡር ካሳ ግን ከቲኬቱ ዋጋ የሚሰላ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲዘገይ ሩብ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ግማሽ። ፓሪስ ላይ ባቡር የሚቀይር ሰው ሁለት የተለያየ ቲኬት ከገዛ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ሲያመልጠው ኪሳራው በአብዛኛው የራሱ ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ጉዞውን በአንድ ቲኬት ማስያዝ፣ ያ ካልተቻለም በመሀል ሰፊ ጊዜ መተው ነው። ለንደን ከሆነ ደግሞ ለፍተሻው ሌላ ጊዜ ይጨመርበት።